ሰማያዊው መንደር

ዶክተሯን የገደላት ሰው አንዴ መትቶ አልበቃውም። የመጀመሪያው ምት ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ከጆሮዋ በላይ ያለውን አጥንት ሰብሮ ወደ ውስጥ አስገብቶታል። ገዳዩ ግን ከወደቀችም በኋላ ደጋግሞ ቀጥቅጧታል። ወንበሩ ተገልብጧል፤ ደሙ ከጠረጴዛው እግር እስከ መስኮቱ መጋረጃ ተረጭቷል። በዚያ ሁሉ ላይ፣ በደሙም በወረቀቱም በሟቿ ፀጉርም ላይ፣ ነጭ ዱቄት ተነስንሷል።

ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ቆማ ብዙ አየች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ የነገሯትን ሁሉ ተቀብላ፣ ነፍታ፣ እንክርዳዱን ለባለቤቱ ስለምትመልስ ነው። ሃምሳዎቹን አጋምሳለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ሬሳ ፊት የመቀለድ ክፉ አመልም አለባት። ያን ጠዋት ግን አልቀለደችም።

«መምቻው የት አለ?»

«ጠረጴዛው ሥር ነው፤ ከበሩ ላይ ሆኖ አይታይም» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ። «ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሎ የነበረው የእሳት ማጥፊያ ነው። ሲመታት አፉ ተሰብሮ ነው ዱቄቱ ክፍሉን የሞላው። ገዳዩ የረገጠውን ሁሉ በምንጣፉ እየጠረገ ወጥቷል። ዱቄቱ ላይ ሌላ ዱካ ስለሌለ፣ ከዚያ ወዲህ እኔ እስክገባ ድረስ ከደፉ ያለፈ ሰው የለም።»

«አሻራስ?»

«አሻራ ይኖራል፤ የማን እንደሆነ ግን አሁኑኑ ልንገርዎት። የሕንፃውን እሳት ማጥፊያ ሁሉ የሚፈትሸው የሟቿ ታናሽ ወንድም ነው። የማሽን ክፍሉ ቴክኒሻን።»

«እንግዲያው አሻራው ሰውየው ሥራውን እንደሚሠራ ብቻ ነው የሚነግረን።»

«ውጭ ላለው ሕዝብስ ይህን ማን ይንገረው?»

ውጭ ያለው ሕዝብ የሚነገረው አልነበረም። ገና ፖሊስ ሳይደርስ የወንድምየው ፎቶ በየስልኩ ተበትኗል፤ ከሥሩ «እህቱን በእሳት ማጥፊያ ቀጥቅጦ የገደለ አውሬ ይኸው» የሚል ተጽፎበታል። የለጠፈው ስሙ የማይታወቅ ሰው ነው። ሰፈርተኛው፣ መንገደኛው፣ ከየሱቁ የወጣው ሁሉ አጥሩን ጥሶ ገባ። ወንድምየውን ከማሽን ክፍሉ በእግሩ ጎትተው አወጡት፣ ደረጃው ላይ በጭንቅላቱ አንደረደሩት፣ ግቢው መሀል በጫማና በብረት ወረዱበት። ፖሊስ ወደ ሰማይ ተኩሶ ነው ትንፋሹ ሳይቋረጥ ያስጣለው። አሁን ምድር ቤት የመጀመሪያ ዕርዳታ ክፍል ተኝቷል። ሕዝቡ ከበሩ ውጭ ተገፍቶ ወጥቷል እንጂ አልሄደም። «አውጡልን!» የሚለው ጩኸት እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል።

ኢንስፔክተሯ ስልኩን ተቀብላ ልጥፉን ሁለት ጊዜ አነበበች።

«ሬሳውን ያገኘውን ጥሩልኝ» አለች።

ያገኘው የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፈው ባለሙያ ነው። ከማሽኖቹ ሙቀት አጠገብ እየተጠቀለለ እንቅልፍ ስለሚሰርቅ በመሥሪያ ቤቱ «ድመት» ነው የሚባለው። ሱፍ ሹራቡ በክር ቁርጥራጭ ተጨማልቋል።

«ማሽኑ እንደታመመ ልነግራት ነበር የሄድኩት» አለ።

«ማሽን ይታመማል እንዴ?»

«የኛ ይታመማል። አርፍጄ ነው የገባሁት። የጠዋቱ ሙከራ አልቆ አዳራሹ ውስጥ ማንም የለም። ስክሪኑን ሳየው ያለወትሮው ሆኗል። አጠፋሁትና ወደ ቢሮዋ ሄድኩ። በሩን ስከፍተው... እግሯን አየሁ። ፀጉሯን አየሁ። ከዚያ መጮህ ብቻ ነው የማውቀው።»

«በምን እንደተመታች አይተሃል?»

«ኧረ በፈጠረዎት! ፊቷን እንኳ ማየት አልቻልኩም።»

«ይህን ልጥፍስ? የት የት እንደተለጠፈ ልትነግረኝ ትችላለህ?»

ድመት ስልኩን ተቀብሎ ትንሽ ጎረጎረ። «ይገርማል» አለ። «ሰው ብዙ ያለበት ትልቅ ቡድን ላይ አይደለም የተለጠፈው። እዚህች ትንሽ ቡድን፣ እዚህች፣ እዚህችም ላይ ነው። ሦስቱም ውስጥ ያሉት ሰዎች ደግሞ በሁሉም ትልልቅ ቡድኖች ውስጥ ያሉ ናቸው። እኔም ብሆን ነገር ቶሎ እንዲዛመት ብፈልግ የምመርጠው እነዚህን ነበር።»

«ባትሆን ይሻልሃል» አለች ወንፊት።

የዶክተሯን ምክትል ያነጋገረችው በራሱ ቢሮ ነው። ቃል የሚመርጥ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ዓይኑ ቀልቷል። የለበሰው ሸሚዝ ነጭ ነው፤ ደረቱ ላይ ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ የኖረ ልብስ የሚያወጣው አራት ማዕዘን እጥፋት ይታያል። መነጽሩን እያወለቀ ማጠፊያው ላይ በጥፍሩ ይፍቃል፣ መልሶ ያጠልቃል፣ እንደገና ያወልቃል።

«ሥራችሁን እንደ ሕፃን አስረዱኝ» አለችው።

«ሰው ሠራሽ መንደር ነው የምንሠራው» አለ። «በማኅበራዊ ድረ ገጽ ላይ ሰዎች ይሰባሰባሉ። ቡድኑ ያድጋል፣ ይሰነጠቃል፣ ከሌላው ይዋሃዳል፣ ይሞታል። ያንን በኮምፒውተር አስመስለን፣ የወራቱን ለውጥ በደቂቃዎች አሳጥረን እናያለን። ሲሙሌሽን ይባላል። ስክሪኑ ላይ እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ሰው ናት። መስመሩ ወዳጅነት ነው፣ ቀለሙ ቡድን።»

«ነጥቦቹ የእውነት ሰዎች ናቸው?»

«ከእውነተኛ ሰፈሮች የተቀዱ ናቸው። ስማቸው ግን ተሰርዟል።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«አዳራሹ ውስጥ። ሥራ ከመጀመራችን በፊት አንድ የሙከራ ሲሙሌሽን እናስነሳለን። ማሽኑ ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ ነው፤ የበሽተኛ ትኩሳት እንደመለካት ይቁጠሩት። የምታስነሳው እሷ ናት፣ ቁጭ ብዬ የምጨርሰው እኔ ነኝ። ዛሬም ሰማያዊው መንደር ተሰንጥቆ ግማሹ ቀይ እስኪሆን ድረስ ከስክሪኑ ዓይኔን አልነቀልኩም። ከዚያ ወደዚህ ገብቼ ትንሽ እንደቆየሁ ጩኸቱን ሰማሁ።»

«እስከ መጨረሻው አዩት?»

«እስከ መጨረሻው። ስንጥቁ ሁልጊዜ ያምራል።» መነጽሩን አጠለቀ። «በወንድሟ ግን አይፍረዱ። ትናንት ኮሪደሩ ላይ ‹ደሙ በእጅሽ ነው› እያለ ሲጮህባት ሁላችንም ሰምተናል። ያመው ነበር።»

«ደጉ ሰው!» አለች ወንፊት፣ ከወንበሩ ስትነሳ ጉልበቷን ይዛ። ማመስገኗ ይሁን መሳለቋ አልለየለትም።

የወንድምየው አንድ ዓይን ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ የግራ ጆሮው ጫፍ በክር ተይዟል። ጥቁር የሥራ ልብሱ በደም ጠጥሮ ቆሟል። ኢንስፔክተሯ ከሰላምታም በፊት የሱሪውን እጥፋት፣ የኪሱን ስፌት፣ የእጅጌውን ጫፍ በባትሪ አየች።

«ከጠዋት ጀምሮ ልብስ አልቀየርክም?»

«የት ልቀይር? ካለሁበት ነው ጎትተው ያወጡኝ።»

«ትናንት በምን ተጣላችሁ?»

ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ወዳጄ ልብስ ሰፊ ነበር። ሰፈራቸው ለሁለት ተከፍሎ ሲተላለቅ ሱቁ ውስጥ እንዳለ አቃጠሉት። ከውጭ ቆልፈውበት። ከዚያ በፊት እኮ ያን ሰፈር አንድ አድርጎ የያዘው እሱ ነበር፤ ላዩም ታቹም ያምነዋል። በድረ ገጹ ላይ የሐሰት ስም ለጠፉበት። ‹ሰላይ ነው› አሉት። አፍሮ ከቡድናቸው ወጣ። እሱ ሲወጣ ሰፈሩ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ እሳት ሆነ። እኔ ደግሞ ያንን ስንጥቅ አውቀዋለሁ። ማሽኑን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ እዚያ ስክሪን ላይ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ‹የናንተን መንደር አንድ ሰው ወስዶ በሰው ላይ ሞክሮታል› አልኳት። አላመነችኝም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ደሙ በእጅሽ ነው አልኳት።» ጤነኛው ዓይኑ ሞላ። «የመጨረሻ ቃሌ ይህ ሆኖ ቀረ።»

እናትየው የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። በሕዝቡ መሀል ነው ያለፈችው፤ ማን መሆኗን ያወቀ አልነበረም። ልጇን ሲረግሙ እየሰማች፣ አንገቷን ደፍታ፣ በትከሻዋ እየገፋች ገባች። ቀኝ እጇ ውስጥ ድንጋይ ይዛለች።

«አንዷ ‹ነይ እማማ፣ አንቺም ያዢ› ብላ ሰጠችኝ» አለች ለኢንስፔክተሯ። «ባልቀበላት ያውቁኛል ብዬ ፈራሁ።» ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በልጇ ፊት ላይ ያልተመታ ቦታ ፈልጋ፣ አጥታ፣ ፀጉሩን ሳመችው። አላለቀሰችም። የአንዷን ልጅ ሞት ሊያረዷት፣ ሌላውን ሊቀሟት በተሰለፉበት ቀን ለለቅሶ የሚሆን ጊዜ አልነበራትም።

«እናቴ፣ ከልጅሽ ጋር መቼ ተነጋገራችሁ?» አለች ወንፊት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ዛሬ ጠዋት ደውላልኝ ነበር። ‹እማዬ፣ ወንድሜ እውነቱን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሳየው አደርኩ። ዛሬ ለሁሉም አሳያቸዋለሁ፣ ከዚያ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ› አለችኝ።»

ወንድምየው እንደ ተወጋ ሰው ቃተተ።

«ሌላስ አልተናገረችም?»

«ያልገባኝን ነገር ተናገረች። ‹ልብስ ሰፊውን ወደ ቦታው መልሼዋለሁ› አለች። የተቃጠለን ሰው እንዴት አድርገው ይመልሱታል? እንቅልፍ አጥታ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ኢንስፔክተሯ ድመትን ለብቻው ይዛው ወደ አዳራሹ ገባች፤ ስትወጣ ሁሉም እንዲሰበሰብ አዘዘች።

አዳራሹ መስኮት የለውም። ፊት ለፊት ግድግዳውን የሸፈነ ስክሪን አለ። ምክትሉ ከፊት ተቀመጠ፣ ድመት ከመቆጣጠሪያው አጠገብ፣ እናትና ልጅ ጎን ለጎን። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆሙ።

«ከልጥፉ ልጀምር» አለች ወንፊት። «‹በእሳት ማጥፊያ› ይላል። ሲለጠፍ ገና ፖሊስ አልደረሰም። መምቻው ጠረጴዛ ሥር ነው፣ ከበሩ አይታይም፣ ዱቄቱን ደግሞ ከኛ በፊት የረገጠ የለም። ስለዚህ የለጠፈው የገደለው ነው። ልጁ ራሱን ይክሰስ? ራሱን በድንጋይ ለማስወገር ሕዝብ ይጥራ?»

ምክትሉ መነጽሩን አውልቆ በጥፍሩ ፋቀ።

«ልብሱንም አየሁት። ያን ክፍል ዱቄት ሞልቶታል፤ እዚያ ቆሞ የመታ ሰው እስከ ቅንድቡ ይነጣል። ልጁ ልብስ ሳይቀይር ነው የያዙት። ደም አገኘሁበት፣ የራሱን። ዱቄት ግን በስፌቱ እንኳ የለም። ድመትም ያን ሹራብ ለብሶ ሲገባ ዘበኛው አይቶታል። ያ ሹራብ የነካውን የማይለቅ ነገር ነው፤ ዱቄት ቢነካው ዛሬ በግ ይመስል ነበር።»

ድመት ሹራቡን ቁልቁል አየ።

«እርስዎ ግን» አለች ወደ ምክትሉ ዞራ፣ «አዲስ ሸሚዝ ለብሰዋል። እጥፋቱ ገና አልለቀቀም።»

«ሻይ ደፋሁበት። ቢሮዬ ውስጥ ሁልጊዜ ትርፍ ሸሚዝ አለኝ። ይህ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ጠዋት እዚህ ተቀምጠው ያዩትን እስቲ ሁሉም ፊት ይድገሙልኝ።»

«ነግሬዎታለሁ እኮ። ሰማያዊው ተሰነጠቀ፣ ግማሹ ቀይ ሆነ፣ አለቀ።»

«ድመት፣ የጠዋቱን ራሱን አስነሳው።»

ስክሪኑ በራ። ሰማያዊ ነጥቦች በመስመር ተያይዘው እንደ ድር ተዘረጉ። ነጥቦቹ እየተሳቡ፣ እየራቁ፣ እየተመለሱ ተንቀሳቀሱ። በአንድ በኩል ያሉት መራቅ ጀመሩ፣ መሀሉ ሳሳ፣ መስመሮቹ ተበጣጠሱ። አንዲት ነጥብ ብቻ መሀል ላይ ቀረች። ከላይም ከታችም መስመር ይዛ፣ አልነቃነቅም አለች። ቀስ በቀስ ወዲያ የሄዱት በእሷ በኩል መመለስ ጀመሩ። መሀሉ እንደገና ጠበቀ። ሲሙሌሽኑ ቆመ፤ መንደሩ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነበር።

«ድመት፣ ታሟል ያልከኝ ይህንን ነው?»

«ይህንኑ ነው። ከተመሳሳይ መነሻ ስለሚጀምር በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው የሚሆነው፤ ሁሌም ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ማንም ልብ ብሎ የማያየው። ዛሬ ብቻ ነው ሳይሰነጠቅ የቀረው። አሁን ውስጡን ስከፍተው፣ ዶክተሯ ጠዋት አንዲት ነጥብ እንዳትገፋ አድርጋ አስራታለች። እሷን ብቻ ነው የነካችው።»

«ልብስ ሰፊውን ወደ ቦታው መለሰችው» አለች ኢንስፔክተሯ።

ወንድምየው ተነስቶ ወደ ስክሪኑ ሄደ። ጣቱን መሀል ካለችው ነጥብ ላይ አሳረፈ። «እሱ ነው?» አለ። «ባይገፉት ኖሮ ይህ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ነበር?» እናቱ አፏን በሻርፗ ሸፈነች።

«ልማድ ነው!» አለ ምክትሉ። ግንባሩ አብረቅርቋል። «ሁልጊዜ የሚሆነውን ነው የተናገርኩት። ሰው አይሳሳትም?»

«‹ከስክሪኑ ዓይኔን አልነቀልኩም› ነው ያሉኝ። ዕድሜዎን ሙሉ ሲሰነጠቅ ያዩት መንደር ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሰነጠቅ ሲቀር እዚህ ቢቀመጡ ኖሮ ጮኸው ሕንፃውን ባነቃነቁት ነበር። አልነበሩም። ሙከራውን እንዳስነሳች ተከትለዋት ቢሮዋ ገብተዋል። አምናዎት ነው የነገረችዎት፤ ከመካከላችን አንዱ ሥራችንን ወስዶ ሰፈር አቃጥሎበታል ስትል ያ ሰው ፊቷ የተቀመጠው መሆኑን አላወቀችም። ይህ ማሽን በየቀኑ አንድ ዓይነት ስለሚያሳይ፣ ባያዩትም እንዳዩ ሆነው መናገር እንደሚችሉ ተማመኑ። ልክ ነበሩ፤ እሷ ባትነካው ኖሮ።»

«ማስረጃ አይደለም።»

«አዎ። ማስረጃው መነጽርዎ ማጠፊያ ውስጥ ያለው ነጭ ነገር ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ በጥፍርዎ የሚታገሉት። እኛ እዚህ ስንጫወት ደግሞ ባልደረቦቼ ከቢሮዎ ጣሪያ ሰሌዳ በላይ በደምና በዱቄት የተለወሰ ሸሚዝ አውርደዋል። ሻይ ግን አላገኙበትም። ሰፈሩንም ለራስዎ ብለው አላቃጠሉትም፤ ያዘዘዎት ሰው አለ።»

የምክትሉ ፊት አመድ መሰለ። አፉን ሳይከፍት ወንድምየው ዘለለበት። ወንበር ይዘውት ወደቁ። ልጁ በሁለት እጁ ጉሮሮውን አንቆ ጭንቅላቱን ከወለሉ ጋር ደጋግሞ አጋጨው፤ የተሰፋው ጆሮው ተተርትሮ ደሙ ከሥሩ ባለው ፊት ላይ ተንጠባጠበ። ፖሊሶቹ ጎትተው ሊያላቅቁት አልቻሉም።

«ማን እንዳዘዘው ሳይናገር ከገደልከው» አለች ወንፊት ከጆሮው አጠገብ ተንበርክካ፣ «ልብስ ሰፊውን ያስቃጠለው ሰው ነገ ሌላ ሰፈር ይመርጣል።»

ጣቶቹ አንድ በአንድ ላሉ።

ምክትሉ ተንደፋድፎ ተቀመጠ። ደም ተፋ፣ ከዚያ ሳቀ። «ስሙን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው» አለ። «አሁን ውጡና ለሕዝቡ እውነቱን ንገሩት። በሩ ላይ ይበጣጥሱኛል፣ ስሙም አብሮኝ ይቀበራል። እንዲህ የተነሳ ቡድን ሳይመታ አይበተንም። እመኑኝ፣ ስንት ጊዜ አስመስዬዋለሁ።»

«አውጡልን!» የሚለው ጩኸት ግድግዳውን አልፎ ገባ። «በኋላ በር አንድ ትንሽ መኪና ማሾለክ ይቻል ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሕዝቡ ግን ሁለቱንም በር ከቧል።»

«ሁሉንም ወደ ፊት በር ልንስባቸው እንችላለን» አለ ወንድምየው፣ እጆቹን አጣምሮ ወደ እሷ እየዘረጋ። «እኔን በካቴና አውጡኝ። የሚፈልጉት እኔን ነው። ሁሉም ወደኔ ይመጣል።»

«አይሆንም። አንዴ ከእጃቸው አስጥለንሃል፣ ሁለተኛ አንችልም።»

«እሱ ከሞተ ግን እህቴም ወዳጄም በከንቱ ሞቱ ማለት ነው። ደረጃው ላይ በቀስታ ነው የምሄደው፣ እንዲያዩኝ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ እናትየው አየች። እናትየው ልጇን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ መልሳም በወለሉ ላይ ተቀምጦ ደም የሚተፋውን ሰው አየችው።

«ልጄን እሰሩት» አለች። «እኔም አብሬው እወጣለሁ።»

«እማዬ፣ አንቺ አትወጪም!»

«ዝም በል አንተ። ከሁለት ልጅ አንድ ነው የቀረኝ፤ ብቻህን አልክህም።»

የፊት በሩ ሲከፈት ጩኸቱ ለአንድ አፍታ ቀጥ አለ፣ ከዚያ ፈነዳ። ከኋላ በር የነበረው ሁሉ አጥሩን ዞሮ እየሮጠ መጣ። ልጁ በካቴና፣ በቀስታ፣ ቀና ብሎ ወረደ። የመጀመሪያው ድንጋይ ትከሻውን መታው፣ ሁለተኛው የፖሊሱን ቆብ ጣለ። እናትየው ከፊቱ ሆና ወደ ኋላ እየተራመደች፣ ፊቷን ለልጇ ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጥታ ወረደች። ድንጋዩ ጀርባዋ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ይሰማል። አልጮኸችም፤ «ና፣ ና ልጄ፣ ደረጃ አለ፣ ተጠንቀቅ» ትለው ነበር፣ በሕፃንነቱ እግር ሲተክል ትለው እንደነበረው።

በሩ ላይ የቆመው የፖሊስ መኪና ውስጥ ከኢንስፔክተሯ ጋር ተገፍተው ገቡ። መስታወቱ ረገፈ፣ ጣሪያው ጎበጠ፣ እጆች በመስኮቱ ገብተው ፀጉሯን ያዙ። ሹፌሩ አጥሩን እየፋቀ ወጣ። እናትየው ልጇን ወንበሮቹ መሀል አስተኝታ በላዩ ተደፍታለች። አናቷ ተፈንክቶ ደሟ ከእሱ ደም ጋር አንገቱ ላይ ይወርዳል።

የኢንስፔክተሯ ስልክ ጮኸ። አዳመጠች፣ ዘጋች።

«ሰውየውስ ወጣ?» አለች እናትየው፣ ቀና ሳትል።

«በኋላ በር ወጥቷል እናቴ። አንድም ድንጋይ አልነካውም።»

«በጤና ይጠብቁልኝ» አለች እናትየው። «ምግብም አይከልክሉት። እስኪናገር ድረስ እንዳይሞት።»